ወደ ራስ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ሸለቆ

ወደ ሰሜን ተራሮች ለመጓዝ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የራስ ደጀንን ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 4,550 ሜትር ገደማ ነው። እኔ ዛሬ የማስረዳው ግን ከጫፉ በፊት ስለሚያጋጥመው ሸለቆ ነው።

የእግር መንገዱ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበርና በግጭ በኩል ጨነቅ ይደርሳል። ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ለጫፉ 950 ሜትር ብቻ የቀረ ይመስላል። ሆኖም ተጓዡ በመጀመሪያ 4,200 ሜትር ገደማ ወዳለው የቧሂት በር ይወጣል። ከዚያም 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ወደሚፈሰው የመሸሃ ወንዝ ይወርዳል፤ ተሻግሮም በአምቢቆ በኩል እንደገና ሽቅብ ይያያዛል። አቀበቱ ሲደመር 2,300 ሜትር ያልፋል።

ምክንያቱ የምድሩ አፈጣጠር ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰ ቅልጥ አለት ተነባብሮ ሰፊ ተራራ ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ወንዞች ሸርሽረው ከፋፈሉት። ዛሬ ለየብቻ የቆሙ የሚመስሉን ተራሮች የዚያ ክምር ቅሪቶች ናቸው።

ይህን ማወቅ ሕይወትን ይጠብቃል። የከፍታ ሕመም ለጠናበት ሰው ዋናው መፍትሔ ሳይዘገዩ መውረድ ነው። መሸሃን የተሻገረ ተጓዥ ግን ወደ ጨነቅ ለመመለስ ቧሂትን ዳግመኛ መውጣት ይኖርበታል። ስለዚህ ጨነቅ ላይ ራሱን ያመመውና ያቅለሸለሸው ሰው ሳይሻለው ጉዞውን አይቀጥል። በግጭና በጨነቅ አድሮ ሰውነትን ከከፍታው ጋር ማለማመድም ከጉዞው ዕቅድ ሊጎድል አይገባም።