ከወተት ጥርስ ጀርባ የሚበቅለው መንጋጋ

በካፋ፣ ቦንጋም ሆነ ጌሻ፣ የልጅ የፊት ጥርስ ሲነቃነቅ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ሲወልቅም ይሳቅበታል። በዚያው ሰሞን፣ በስድስት ዓመት ገደማ፣ ከመጨረሻዎቹ የወተት ጥርሶች ጀርባ አራት መንጋጋዎች ይበቅላሉ፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። ቦታ የሚለቅላቸው የወተት ጥርስ ስለሌለ ልብ የሚላቸው የለም። መቦርቦር ሲጀምሩም ወላጅ «የወተት ነው፣ ይወድቃል» ብሎ ያልፋቸዋል። አይወድቁም። ዕድሜ ልክ እንዲያገለግሉ የተሰጡ ናቸው።

ጉዳታቸው ከቅርጻቸው ይመጣል። ቡና ሲቆላ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ገለፈቱ ከላይ ተራግፎ በፍሬው ሆድ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ግን እንደተጣበቀ ይቀራል። የመንጋጋም ማኘኪያ ፊት እንዲሁ የተሰነጣጠቀ ነው፤ አንዳንዱ ስንጥቅ ከአንድ የብሩሽ ፀጉር ይጠብባል። የወይራም ሆነ የክትክታ መፋቂያ ከላይ ያለውን ያጸዳል እንጂ እዚያ ውስጥ አይገባም። በስንጥቁ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም ኢናሜሉን፣ ጠንካራውን የጥርስ ልባስ፣ ያሟሟዋል። ጥፋቱ የከረሜላ ብቻ አይደለም። የካፋ ጫካ ማርም ለባክቴሪያው ያው ስኳር ነው። (በማር አገር ይህን መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።)

ሲላንት ስንጥቁን ቀድሞ የሚደፍን ቀጭን ልባስ ነው። መርፌም መሰርሰሪያም የለውም። ባለሙያው ጥርሱን አጽድቶ ያደርቃል፣ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ጄል ለ15 እስከ 30 ሰኮንድ ይቀባል፣ ያጥባል፣ እንደገና ያደርቃል። ጥርሱ ወዙን አጥቶ ነጣ ይላል፤ ገጹ ስለሻከረ የሚቀባው ፈሳሽ ሙጫ ይይዛል። ከዚያ በሰማያዊ ብርሃን ይጠነክራል። ኢናሜልን በአሲድ የማሻከር ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1955 ማይክል ቦኖኮር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ያቀረበው ነው። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል እንደሚለው ሲላንት ለሁለት ዓመት የመንጋጋን መቦርቦር 80 በመቶ ያህል ይከላከላል።

የዚህ ሙጫ ጠላቱ ምራቅ ነው። ጠብታ ከነካው አይያዝም፤ ስለዚህ መምጠጫ፣ የአየር መንፊያና መብራት ይፈልጋል። ይህ ለክሊኒክ ይሆናል። ለጨና ወይም ለደቻ የገጠር ትምህርት ቤት እኔ የምመርጠው ግን ግላስ አዮኖመር የሚባለውን ነው። ዱቄቱና ፈሳሹ በእጅ ተለውሶ፣ ጓንት ባጠለቀና ቫዝሊን በተቀባ ጣት ስንጥቁ ላይ ይጫናል፤ ከዚያ ራሱ ይጠነክራል። ኤሌክትሪክ አይሻም፣ እርጥበት ይችላል፣ ጥቂት ጥቂት ፍሎራይድም ይለቃል። ያለ መሰርሰሪያ በእጅ መሣሪያ ብቻ ጥርስ የማከሙ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ በታንዛንያ ነው፤ የሚሠራበትም ይኸው ቁስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ከሙጫው ይልቅ ቶሎ ይረግፋል መባሉ እውነት ነው፤ ሲረግፍም ግን በስንጥቁ ጥልቀት ውስጥ ጥቂቱ ይቀራል።

ፍሎራይድ ሲባል የሚደነግጥ አለ። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ፣ የውኃው ፍሎራይድ በዝቶ የልጆችን ጥርስ ያጠቁራል። ካፋ ከስምጥ ሸለቆው ውጭ ነው፤ ከመድፈኛው የሚወጣውም ኢምንት ነው።

የጥርስ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከቦንጋ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለዚህ ሥራ ግን እያንዳንዱን ልጅ ሐኪም ዘንድ ማድረስ አያስፈልግም። የሠለጠነ የጤና ባለሙያ፣ ጥጥ፣ መስተዋትና ጥሩ የቀን ብርሃን ካሉ አንደኛ ክፍልን በሙሉ ማዳረስ ይቻላል። የሰባት ዓመት ልጆች ተሰብስበው የሚገኙት እዚያ ነው፤ መንጋጋቸውም ገና መብቀሉ ነው።

ሌሊት የሚያስለቅስ ጥርስ በሲላንት አይድንም፤ ሙሌት ወይም ሌላ ሕክምና ይፈልጋል። ገና ያልተከፈተ የመቦርቦር ጅማሬ ግን ሊደፈን ይችላል፤ የታሸገው ባክቴሪያ ምግብ ስለሚቋረጥበት ጉዳቱ ይቆማል። በየስድስት ወሩ ማየት፣ የረገፈውንም መድገም ነው። ሁለተኛዎቹ መንጋጋዎች በ12 ዓመት ገደማ ይበቅላሉ፤ በሰባት ዓመቱ የገባ ልጅ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ደርሷል።