የሕዝብ ግንኙነትና ኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፦ ለተገልጋዩ ምን ፋይዳ አለው?

አንድ ተገልጋይ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በቅድሚያ የሚያገኘው አገልግሎቱን ሳይሆን ስለ አገልግሎቱ የተሰጠውን መረጃ ነው። መረጃው በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በሬዲዮ፣ በድረ ገጽ፣ በቴሌግራም ወይም በስልክ ሊደርሰው ይችላል። መረጃው የተሟላ ከሆነ ጉዳዩ በአንድ ቀን ይጠናቀቃል። የተጓደለ ከሆነ ግን ከሩቅ ወረዳ ተሳፍሮ የመጣ ባለጉዳይ ማስታወቂያው ባልጠቀሰው አንድ ማስረጃ ምክንያት ይመለሳል። የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪው፣ የሥራ ቀኑም በከንቱ ይቀራሉ። የምዝገባ ቀነ ገደብ ካለፈበት ደግሞ ጉዳቱ በገንዘብ የሚካስ ላይሆን ይችላል።

ይህን መረጃ አዘጋጅቶ ለሕዝብ የሚያደርሰው የተቋሙ የሕዝብ ግንኙነትና ኮሙኒኬሽን ክፍል ነው። በመሆኑም የዚህ ክፍል ባለሙያዎች ዕውቀትና ክህሎት በየጊዜው መታደስ የተቋሙ የውስጥ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የተገልጋዩን መብትና ጥቅም በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ነው።

ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ምንድን ነው?

ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ አንድ ባለሙያ ሥራ ላይ እያለ ዕውቀቱን፣ ክህሎቱንና የሥራ ሥነ ምግባሩን በዕቅድ የሚያሳድግበት ሂደት ነው። አልፎ አልፎ ከሚሰጥ የአንድ ሰሞን ሥልጠና የሚለየው ቀጣይነት ያለው፣ ከዕለት ተዕለት ሥራ ጋር የተሳሰረና ውጤቱ የሚመዘን በመሆኑ ነው። ሥልጠና መውሰድ፣ ልምድ ካላቸው ባልደረቦች መማር፣ የተሠራን ሥራ በጋራ መገምገም፣ አዳዲስ ሕጎችን ማንበብና መወያየት ሁሉ የሂደቱ አካል ናቸው።

አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በትምህርቱ ዘርፍ መምህራን በዓመት 60 ሰዓት በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲሳተፉ የሚጠይቅ ማዕቀፍ ሲሠራበት ቆይቷል። በጤናው ዘርፍም የሙያ ፈቃድ እድሳት ከተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ጋር እንዲተሳሰር ተደርጓል። በሕዝብ ግንኙነት ሙያም በሌሎች አገሮች ተመሳሳይ ልምድ አለ። ለአብነት፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው የብሪታንያ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ኢንስቲትዩት በዓመታዊ መርሐ ግብሩ ለሚሳተፉ አባላቱ 60 ነጥብ እንዲያሟሉ ያስቀመጠ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 5ቱ በሥነ ምግባር ላይ ከሚደረግ ትምህርት የሚገኙ መሆን አለባቸው።

አንድ ጊዜ የተገኘ ዲግሪ ለምን አይበቃም?

በ1999 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመረ የኮሙኒኬሽን ባለሙያን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። በተመረቀ ማግሥት የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ወጣ። ከዚያ በኋላ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 እንዲሁም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተከታትለው ጸድቀዋል። ባለሙያው በትምህርት ቤት ቆይታው ከእነዚህ ሕጎች አንዱንም ሊማር አይችልም ነበር።

የሕጎቹ ተፅዕኖ በዕለታዊ ሥራ ላይ ይታያል። ቀደም ሲል የአመልካቾችን ወይም የተጠቃሚዎችን ስም ከነስልክ ቁጥራቸውና ከነመታወቂያ ቁጥራቸው በሰሌዳ መለጠፍ እንደ ተራ አሠራር ይወሰድ ነበር። ዛሬ ተመሳሳይ ዝርዝር በማኅበራዊ ትስስር ገጽ ቢለቀቅ በደቂቃዎች ውስጥ ለሺዎች ይደርሳል፤ ለአጭበርባሪዎችም መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የትኛው መረጃ ለሕዝብ መገለጽ እንዳለበት፣ የትኛው ደግሞ የግለሰብ ምስጢር ሆኖ መጠበቅ እንዳለበት ለይቶ መወሰን የታደሰ ዕውቀት ይጠይቃል።

የመገናኛ መንገዱም ተለውጧል። ከዓመታት በፊት ዋነኛ ሥራው ጋዜጣዊ መግለጫ ማዘጋጀት የነበረ ባለሙያ ዛሬ በተቋሙ ስም የተከፈቱ ሐሰተኛ ገጾችን መለየት፣ የተቀነባበሩ ምስሎችንና ድምፆችን ማጣራት፣ በገጹ ላይ ለሚቀርቡ ጥያቄዎችም በወቅቱ ምላሽ መስጠት ይጠበቅበታል።

የሙያ ማሻሻያው ትኩረት የሚሰጣቸው ጉዳዮች

1. ግልጽ አጻጻፍ፦ «አስፈላጊ ማስረጃዎችን አሟልቶ በወቅቱ ያልቀረበ ተገልጋይ አይስተናገድም» የሚል ማስታወቂያ ስለ ክልከላው እንጂ ስለ አገልግሎቱ የሚናገረው ነገር የለም። ተገልጋዩ ማወቅ የሚፈልገው የትኞቹ ማስረጃዎች እንደሚያስፈልጉ፣ ዋናው ነው ወይስ ቅጂው የሚቀርበው፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ቢሮና እስከ መቼ መቅረብ እንዳለበት ነው። ባለሙያው ማስታወቂያውን ከመለጠፉ በፊት ስለ አገልግሎቱ ለማያውቅ ሰው አስነብቦ መረዳቱን ማረጋገጥ ይማራል።

2. ቀንና ሰዓት አገላለጽ፦ በአገራችን ሁለት የዘመን አቆጣጠሮችና ሁለት የሰዓት አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ይሠራባቸዋል። «8፡00» የሚል የቀጠሮ ሰዓት ለአንዱ ተገልጋይ ማለዳ፣ ለሌላው ከቀትር በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ከጠዋቱ 2፡00» ወይም «ከቀኑ 8፡00» ተብሎ መገለጽ ይኖርበታል። ቀነ ገደብም የኢትዮጵያ ወይም የአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑ ካልተጠቀሰ በተለይ በበይነመረብ ለሚመዘገቡና ከአገር ውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የስሕተት ምንጭ ይሆናል።

3. ተደራሽነት፦ የጽሑፍ ማስታወቂያ ማንበብ ለማይችል ሰው አይደርስም። በምስል መልክ ብቻ የተለቀቀ ማስታወቂያ በስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር ለሚጠቀም ዓይነ ሥውር ተገልጋይ ዝግ ነው። በምልክት ቋንቋ ያልተደገፈ የቪዲዮ መልእክትም መስማት የተሳነውን ዜጋ አያገኘውም። በአንድ ቋንቋ ብቻ የወጣ መልእክትም ሌላ ቋንቋ የሚናገረውን ማኅበረሰብ ወደ ኋላ ያስቀራል። ስለዚህ መልእክትን በተለያየ መልክና ቋንቋ ማዘጋጀት የሙያው መሠረታዊ ክህሎት ነው።

4. የቀውስ ጊዜ ግንኙነት፦ የጤና ሚኒስቴር በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮቪድ 19 ታማሚ መገኘት መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ባደረገበት ወቅት ሕዝቡ በየሰዓቱ አስተማማኝ መረጃ ይሻ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ይፋዊው ምንጭ ከዘገየ ክፍተቱን አሉባልታ ይሞላዋል። ስለሆነም ባለሙያው የታወቀውን ወዲያውኑ መግለጽ፣ ገና ያልተጣራውን «በመጣራት ላይ ነው» ብሎ በግልጽ መናገር፣ ቀጣዩ መግለጫ የሚሰጥበትን ጊዜ ማሳወቅና ሰው ሊወስደው የሚገባውን ጥንቃቄ መጠቆም ይለማመዳል። ይህ ዝግጅት ቀውሱ ከመድረሱ በፊት የሚሠራ እንጂ በዕለቱ የሚጀመር አይደለም።

5. ሥነ ምግባር፦ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ የተቋሙ አንደበት ብቻ ሳይሆን የሕዝቡም ጆሮ ነው። የተቋሙን ገጽታ ለመጠበቅ ሲባል ድክመትን መሸፈን ለጊዜው የሚያዋጣ ቢመስልም እውነቱ ሲገለጥ እምነትን ያሳጣል። ዓለም አቀፉ የሕዝብ ግንኙነት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1965 በአቴንስ ያጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብም በሰብአዊ መብቶች መርሆዎች ላይ የተመሠረተ ነው።

ትግበራውና የውጤቱ መለኪያ

ሂደቱ የሚጀምረው የክህሎት ክፍተትን ከመለየት ነው። ለዚህም ከሁሉ የተሻለው ምንጭ በተቋሙ ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም በእንግዳ መቀበያው፣ በስልክ መስመሩና በቅሬታ መዝገቡ ላይ ተደጋግሞ የሚቀርበው ጥያቄ ነው። በአንድ ወር ውስጥ በርካታ ሰዎች ስለ አንድ ማስረጃ ከጠየቁ ችግሩ ያለው በጠያቂዎቹ ላይ ሳይሆን በማስታወቂያው አጻጻፍ ላይ ነው። ባለሙያው ይህን መነሻ በማድረግ የመማሪያ ዕቅድ ያወጣል፣ ይማራል፣ የተማረውን በሥራ ላይ ያውላል፣ ውጤቱንም ከኃላፊውና ከባልደረቦቹ ጋር ይገመግማል።

የውጤቱ መለኪያ የተሰበሰበው የምስክር ወረቀት ብዛት ሊሆን አይገባም። ትክክለኛው መለኪያ ማስረጃ ጎድሎበት የሚመለሰው ባለጉዳይ ቁጥር መቀነሱ፣ ለተመሳሳይ ጥያቄ የሚደወለው ስልክ ማነሱና በመረጃ እጦት የሚቀርበው ቅሬታ መቃለሉ ነው። ለዚህም የተቋማት ኃላፊዎች ባለሙያውን ለሥነ ሥርዓት ማስተናገጃና ለፎቶግራፍ ብቻ ከመፈለግ ይልቅ አሠራር ሲለወጥ ከመነሻው ማሳተፍ ይጠበቅባቸዋል። ውሳኔውን አስቀድሞ ያልሰማ ባለሙያ የቱንም ያህል ቢሠለጥን ለሕዝብ ትክክለኛ መረጃ ሊሰጥ አይችልም።

ተገልጋዮች ምን ማወቅ ይኖርባቸዋል?

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ያረጋግጣል። ይህን መብት ለማስፈጸም አዋጅ ቁጥር 590/2000 በመንግሥት አካላት ውስጥ መረጃ የመስጠቱን ኃላፊነት ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው አስቀምጧል። በአዋጁ ከተደነገጉት ነጥቦች መካከል የሚከተሉት ለተገልጋዩ ጠቃሚ ናቸው፦

• የመረጃ ጥያቄ በጽሑፍም ሆነ በቃል ሊቀርብ ይችላል። በቃል የቀረበውን ጥያቄ ወደ ጽሑፍ የመለወጥ ኃላፊነት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው።
• ለጥያቄው በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ መሰጠት አለበት።
• መረጃው የሚከለከል ከሆነ ምክንያቱ ለጠያቂው በጽሑፍ ይገለጻል።
• በምላሹ ያልረካ ጠያቂ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል።

ከዚህ ባሻገር ተገልጋዮች ግልጽ ያልሆነ፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም ከሰሌዳው ጋር የማይጣጣም ማስታወቂያ ሲያጋጥማቸው ለተቋሙ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ማሳወቅ ይችላሉ። ማስታወቂያው የወጣበትን ቀን፣ ያገኙበትን ቦታና ያሳሳታቸውን አገላለጽ ለይተው ቢጠቅሱ እርምቱን ያፋጥናል። እንዲህ ያለው አስተያየት ለባለሙያው የሚቀጥለው ትምህርት መነሻ ሲሆን፣ በዚያው መንገድ ለሚመጣው ሌላ ባለጉዳይ ደግሞ ከከንቱ ምልልስ የሚያድነው መረጃ ይሆናል።