በመስተዋት ገንዳ ለሚኖሩ ዓሦች የሚስማማ ምግብ

በወንዝና በሐይቅ የሚኖር ዓሣ ምግቡን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ ያልተስማማውንም ትቶ ይሄዳል። በመስተዋት ገንዳ የተዘጋው ግን የሚበላው ከባለቤቱ እጅ የሚወርድለትን ብቻ ነው፤ ውኃው ቢበላሽበትም መሸሻ የለውም። ስለዚህ ዓሣ በቤቱ ለማኖር የወደደ ቤተ ሰብ ሁሉ አስቀድሞ ስለ ምግቡ ማወቅ ይገባዋል።

ወርቅ ዓሣ በሚገባ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። በእንግሊዝ አገር ቲሽ የተባለው ወርቅ ዓሣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ሲሞት ዕድሜው 43 ዓመት እንደ ነበረ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ብዙዎች ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ረኀብ ሳይሆን ጥጋብ ነው።

ምግብ የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ የዓሣውን አፍ ይመልከት። እንደ ጋፒ አፉ ወደ ላይ የቀና ዓሣ ከውኃው ገጽ ይለቅማልና የሚንሳፈፍ ስስ ምግብ ይስማማዋል። አፉ ወደ ፊት የሆነው ቀስ ብሎ የሚሰምጠውን ይቀልባል። አፉ ወደ ታች የዞረውና ጢም ያለው፣ ይኸውም የአምባዛ ዘመድ የሆነው፣ ከወለሉ ይበላልና ፈጥኖ የሚሰምጥ እንክብል ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው የአንጀቱ ነገር ነው። በአገራችን ሐይቆች የሚገኘው ቆሮሶ በውኃ ውስጥ የሚያድገውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ስለሚመገብ አንጀቱ ከገላው ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ሌሎችን ዓሦች አድነው የሚበሉት ግን አንጀታቸው አጭር ነው። ቤታ የተባለው ተዋጊ ዓሣ ትንንሽ ነፍሳትና የትንኝ እጭ ይወዳል። ወርቅ ዓሣ ከዕፀዋትም ከነፍሳትም ይመገባል፤ ተቀቅሎ የተላጠ አተር ወይም በፈላ ውኃ የለሰለሰ ሰላጣ አልፎ አልፎ ቢሰጠው ይጠቅመዋል። ነገር ግን ጨጓራ የለውምና በአንድ ጊዜ ብዙ ሊሰጠው አይገባም።

ዳቦና እንጀራ ለዓሣ አይስማሙም፤ በውኃ ርሰው ይበሰብሳሉ። የበሬና የበግ ጮማም በዓሣ አንጀት በቀላሉ አይፈጭም። በጣሳ የሚሸጠው ደረቅ ምግብ ደግሞ ከተከፈተ በኋላ ቪታሚኑ፣ በተለይም ቪታሚን ሲ፣ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ትንሽ ጣሳ መግዛት፣ ከድኖም ከእርጥበትና ከሙቀት ማራቅ ይሻላል።

መጠኑ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ይሁን፤ ይህም በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። የተረፈው ምግብ ሲበሰብስ አሞንያ የተባለ መርዝ ያወጣል፤ ይህም የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። በውኃው የሚኖሩ ደቃቃን ባክቴሪያዎች መርዙን ቀስ በቀስ ይለውጡታል፤ አዲስ ገንዳ ግን እነርሱ ገና አልበዙበትምና ጥንቃቄው ይበልጥ ይሁን። ደግሞም የዓሣ ደም ከውኃው ጋር ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ማሞቂያ በሌለው ገንዳ በክረምት ብርድ ወቅት ምግቡን መቀነስ ያስፈልጋል።

ልጆች ዓሣው ወደ መስተዋቱ በቀረበ ቍጥር የራበው መስሏቸው ይጨምሩለታል። እንዲህ ያለው ርኅራኄ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዕውቀት ካልመራው ይገድላል። እንግዲህ ወላጆች የዕለቱን ምግብ ለክተው በትንሽ ዕቃ ያስቀምጡ፤ ልጁም እርሱን ብቻ ይስጥ። ባለቤቶቹ ለጥቂት ቀናት ወደ ሌላ ስፍራ ቢሄዱ ጤነኛና ያደገ ዓሣ ያለ ምግብ ሊቆይ ይችላል፤ መጠኑን ለማያውቅ ጎረቤት አደራ ከመስጠት ይህ ይሻላል። ልጅ በዚህ መንገድ መስጠትን ብቻ ሳይሆን፣ በልክ መስጠትንም ይማራል።