ማዕድንን የሚያንሳፍፍ ስስ ሽፋን

በአውስትራሊያዋ ብሮክን ሂል፣ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ በሚሊዮን ቶን የሚቆጠር ተረፈ ማዕድን ተከምሮ ነበር። እርሳስና ብሩ ወጥቶለታል፤ ዚንኩ ግን ውስጡ ቀርቷል። ማዕድኑን በክብደት መለየትም አላዋጣም፤ ዚንኩን የያዘው ስፋለራይትና አብሮት ያለው ጋርኔት ክብደታቸው ይቀራረባል። ክምሩን ወደ ሀብት የቀየረው ሌላ ልዩነት ነው፦ የትኛው ማዕድን በውሃ ይርሳል፣ የትኛውስ አይርስም?

ዘዴው ፍሎቴሽን ይባላል። ማዕድኑ እንደ ዱቄት ይፈጫል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ከሥር አየር ይነፋበታል። ውሃ የሚሸሸው ቅንጣት ከአየር አረፋ ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ በውሃ የራሰው ከታች ይቀራል።

ውሃን መሸሽ ግን ለአብዛኞቹ ማዕድናት የተፈጥሮ ጠባያቸው አይደለም፤ በኬሚካል ይሰጣቸዋል። በ1925 በአሜሪካ ኮርኔሊየስ ኬለር የፈጠራ መብት ያገኘበት ዛንቴት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሞለኪውሉ አንድ ጫፍ እንደ ጋሌና (የእርሳስ ማዕድን) ያለውን ሰልፋይድ አጥብቆ ይይዛል፤ ቅባታማው ጭራው ወደ ውሃው ይዞራል። የኤቲል ዛንቴት ጭራ ሁለት የካርቦን አቶም ብቻ ነው። ሆኖም ንጹሕ ጋሌና ላይ ተዘርግቶ የነበረው ውሃ፣ ጋሌናው ዛንቴት ሲለብስ ወደ ጠብታ ይሰበሰባል። ለአንድ ቶን ማዕድን ብዙውን ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠሩ ግራሞች ይበቃሉ፤ የማዕድኑ ገጽ ሙሉ በሙሉ መሸፈንም አያስፈልገውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ኳርትዝና አሚን የተባለው ሌላ ኬሚካል ሲገናኙ የሚሆነው ነው። ኳርትዝ በውሃ ውስጥ አሉታዊ ሙል ስላለው የአሚኑን አዎንታዊ ጫፍ ይስባል። አሚኑ ጥቂት ሲሆን ሞለኪውሎቹ ተራርቀው ይቀመጣሉ። መጠኑ ሲጨምር ጭራዎቻቸው እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ጋውዲንና ፉርስተናው በ1955 ይህን ስብስብ ሄሚሚሴል ብለው ገለጹት። በዚህ ጊዜ ኳርትዙ ውሃን ይሸሻል፣ ይንሳፈፋል። አሚኑ አሁንም ከተጨመረ ግን በመጀመሪያው ሽፋን ላይ ሁለተኛው ተገልብጦ ይነጠፋል፤ ውሃ ወዳዱ ጫፍ ወደ ውጭ ይዞርና ድንጋዩ እንደገና ይርሳል። ስለዚህ የኬሚካሉን ልክ ማወቅ ዓይነቱን ከመምረጥ እኩል ሙያ ይጠይቃል።

በብራዚል የብረት ማዕድን ፋብሪካዎች ይህ በየቀኑ ይሠራበታል። አሚኑ ኳርትዙን ወደ አረፋው ያወጣዋል፤ የብረት ማዕድኑ ሄማታይት ግን የበቆሎ ስታርች ስለለበሰ እንደራሰ ከታች ይቀራል።