«የስ ቲቸር!» ብሎ ሳይገባው የሚወጣው ማነው?

እስቲ ልጠይቃችሁ። መምህሩ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው፣ ጠመኔውን ከእጃቸው እያራገፉ ዞር ይሉና «ኢዝ ኢት ክሊር?» ይላሉ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የስ ቲቸር!» «ኤኒ ኩዌስችን?» ጭጭ! ከዚያ ዳስተሩን አንስተው ያን ሁሉ ጽሑፍ ጠርገውት ይወጣሉ። በሩ እንደተዘጋ ያ ሁሉ «የስ» ባይ እርስ በርሱ «ስማ፣ ምን ነበር ያሉት?» መባባል ይጀምራል። ይህን ሳያይ የተማረ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ!

ነገሩ ያስቃል፤ መዘዙ ግን አያስቅም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገው። ዛሬም ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም የሚጠብቀው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» የምትለዋን አጭር አረፍተ ነገር መናገር የፈራ ልጅ የሚያጣው እንግሊዝኛውን ብቻ አይደለም፤ ሂሳቡንም ኬሚስትሪውንም አብሮ ያጣል። አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ክፍል ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ሰኔ ላይ ከካርዱ ጋር አብሮ ይታደላል።

ታዲያ ለምን ዝም ይባላል? ዋናው ምክንያት ሳቅ ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ሪፒት» ልትል ፈልጋ «ሪፖርት ፕሊዝ» አለች አሉ። ክፍሉ ፈነዳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «ሪፖርተር» ሆኖ ቀረ። ልጅቷም ዓመቱን ሙሉ እጇን አላወጣችም። የሳቁት ልጆች ግን እነሱም አልገባቸውም ነበር እኮ! እሷ የጠየቀችው ለሁሉም ነበር።

በሉ እንግዲህ፣ ከክፍል ጥግ እስከ ፊት ወንበር የሚያገለግሉትን እንያቸው።

ካረፈዳችሁ በሩ ላይ ቆማችሁ ጭንቅላት ከማከክ «ሶሪ አይ አም ሌት፤ ሜይ አይ ካም ኢን?» በሉ። ሽንት ቤት ለመሄድ ጣት እያወጡ «ቲቸር፣ ቶይሌት!» ማለት ለሕፃናት ክፍል ይቅር፤ «ሜይ አይ ጎ ቱ ዘ ቶይሌት?» ይበቃል። ካልሰማችሁ «ኩድ ዩ ሰይ ዛት አጌይን፣ ፕሊዝ?» መምህሩ ከፈጠኑባችሁ «ኩድ ዩ ስፒክ ሞር ስሎውሊ፣ ፕሊዝ?» ቃሉ ከከበዳችሁ «ዋት ዳዝ ዲስ ወርድ ሚን?» አጻጻፉ ከጠፋባችሁ «ሃው ዱ ዩ ስፔል ኢት?»

ከሁሉ የምትበልጠዋ ግን ይቺ ናት፦ «አይ አንደርስታንድ ስቴፕ ዋን፣ በት ኖት ስቴፕ ቱ።» እስከ መጀመሪያው ደረጃ ገብቶኛል፣ ሁለተኛው ላይ ጠፋብኝ ማለት ነው። «ምንም አልገባኝም» ከማለት ይሻላል። መምህሩ የት ጋ እንደወደቃችሁ ስለሚያውቁ እዚያው ድረስ መጥተው ያነሷችኋል።

አማርኛችን ደግሞ የሚያሳስተን ቦታ አለ። እኛ ዘንድ «ተዋሰ» እና «አዋሰ» ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን የሚዋሰው «ቦሮው»፣ የሚያዋሰው «ሌንድ» ይባላል። እስክሪብቶ ስትፈልጉ «ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን?» ወይም «ካን ዩ ሌንድ ሚ ዩር ፔን?» በሉ። «ተማረ» እና «አስተማረ»ም እንደዚሁ ናቸው፤ ተማሪው «ለርን»፣ መምህሩ «ቲች»። ቴሌቪዥን እኛ «እንከፍታለን»፤ እነሱ ግን «ተርን ኦን» ነው የሚሉት። «ኦፕን» ካላችሁ ጥገና የመጣችሁ ነው የሚመስለው!

አሁን ደግሞ ወደ መምህራን። ክቡራን ሆይ፣ «አንደርስታንድ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «የስ» ነው፤ ምንም አይነግራችሁም። ይልቅ «ሁ ካን ጊቭ ሚ አን ኤግዛምፕል?» ብላችሁ ምሳሌ ጠይቁ። «ዋት ኢዝ ዘ ነክስት ስቴፕ?» በሉና ጠብቁ። ጠይቃችሁ ወዲያው ራሳችሁ አትመልሱ፤ ልጁ በአማርኛ አስቦ፣ በእንግሊዝኛ እስኪገጣጥም ጊዜ ይፈልጋል። «ቴክ ዩር ታይም» ብትሉት ልቡ ይመለሳል። ተሳስቶም ቢሆን ከሞከረ «ጉድ ትራይ» በሉት። «ሻት አፕ!» የሚለው ይቅርና «ኳየት፣ ፕሊዝ» ይተካው። የሚስቅ ሲኖር ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን፣ የመጀመሪያውን ሳቅ አስቁሙት። «ሪፖርተር» የሚሉ ስሞች የሚወጡት ያኔ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በገባው ፕላዝማ የተማሩ ታላላቆቻችሁን ጠይቋቸው። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይወርደዋል፤ «ይደገምልን» ቢሉት አይሰማም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይሰናበታል። ፊታችሁ የቆመው ሰው ግን ጆሮ አለው። ተጠቀሙበት።

ሁሉንም በአንድ ቀን ልሸምድድ አትበሉ። ሦስቷን መርጣችሁ ከደብተራችሁ ጀርባ ጻፉ፤ በዕረፍት ሰዓት ከዴስክ ጓደኛችሁ ጋር አንዳችሁ መምህር፣ አንዳችሁ ተማሪ ሆናችሁ ተለማመዱ። ምላስ የሚፈታው በዓይን በማንበብ ሳይሆን በመናገር ነው። ጭራሽ እምቢ ካላችሁም በአማርኛ ጠይቁ። ሳይገባችሁ ከመውጣት ይሻላል። እንግሊዝኛ የእናታችሁ ቋንቋ አይደለም፤ ቢሰባበር ማንም አይከሳችሁም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ዘንድሮ ደግሞ ካለመጠየቅ ዩኒቨርሲቲ እንዳይቀርባችሁ!