መስቀሉ ጋደል እንዳይል

ባለፈው ዓመት ለእናቴ የጥምቀት ቀሚስ ልጠልፍ ተነሣሁ። ጨርቁ ከሽሮ ሜዳ የተገዛ፣ በእጅ የተሸመነ ነው። ማሽኔ ትንሹ የቤት ማሽን ሲሆን ፍሬሙ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ነው። ጨርቁን ወጠርኩ፣ የመስቀሉን ንድፍ መረጥኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ሲያልቅ እናቴ መስታወት ፊት ቆመችና «ልጄ፣ ያምራል፤ ግን ወደ ግራ ጋደል አላለብሽም?» አለችኝ።

ብሏል። መሥሪያ ቤት ባነር ጠምሞ ሲሰቀል የምጮኸው እኔ ነኝ! ልፍታው ብል ደግሞ መርፌ የበሳሳው ስስ ሸማ ወንፊት ሊሆን ነው።

በማሽኑ አልፈርድም። ጨርቁ ፍሬሙ ውስጥ ጠምሞ ከገባ ጥመቱን አሳምሮ ይጠልፈዋል። ስለዚህ አሁን ማሽኑን ሳልከፍት ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት እቆያለሁ። ቀሚሱን ትከሻ ለትከሻ አጥፌ መሃሉን በካውያ እተኩሳለሁ። ነጭ ላይ ጠመኔ ስለማይታይ ቀለም ባለው ክር፣ በሰፋፊ የእጅ ስፌት፣ ቁልቁልና አግድም መስመር አወጣለሁ። በሸማ ላይ የተቆረጠ ጫፍ አይታመንም፤ ድሩንና ማጉን ይከተሉ።

የፍሬሙን አራት ጎኖች ልብ ብለው ይዩ፤ መሃላቸው ላይ ምልክት አለ። የክሩ መስመሮች ከእነዚህ ጋር መግጠም አለባቸው። አብሮት የሚመጣውን ካሬ ካሬ መስመር ያለው ግልጽ ፕላስቲክም አይጣሉ፤ እኔ ከካርቶኑ ጋር ጥዬው ነበር።

«እንደ ከበሮ ወጥሪው» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። ብሎኑን ካጠበቁ በኋላ ጨርቁን ከጎተቱት ይለጠጣል፤ ከፍሬሙ ሲወጣ ወደ ቦታው ሲመለስ ጥልፉ ዙሪያውን ይጨማደዳል። ለስስ ሸማ እኔ የምመርጠው ከስር የሚነጠፈውን ወረቀት መሰል ደጋፊ ጨርቅ ብቻ መወጠር ነው። ሸማውን ከላዩ አስተካክዬ አነጥፍና ጥልፉ ከማይደርስበት ዳር ዳሩን በእጅ እሰፋዋለሁ። የፍሬሙ ጠርዝም አሻራ አይጥልበትም።

ከዚያ በጎን ያለውን መዘውር በእጄ እያዞርኩ መርፌውን ዝቅ አደርጋለሁ። ጫፉ መስመሮቹ የሚቋረጡበት ላይ ካረፈ፣ ባለቀለሙን ክር ስቤ አወጣለሁ። ትንሽ ጠመም ካለ ብዙ ማሽኖች ንድፉን በዲግሪ ያዞራሉ፤ ጨርቁን መነካካት አያስፈልግም። አንድ ዲግሪ በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፍሬሙን እያዛወሩ በቀሚስ ዘርፍ ላይ አንድ ሜትር ከሄዱ ግን ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ያኔ የማያይ የለም።

እናቴ ያንን ቀሚስ ለጥምቀት ለብሳው ወጣች፤ ነጠላዋን መስቀሉ ላይ ጣል አድርጋ። ዘንድሮ ለእህቴ የመልስ ቀሚስ ጨርቅ ተገዝቷል። ባለቀለሙን ክር እናቴ ይዛዋለች፤ መስመሩን የማወጣው እኔ ነኝ ብላለች።