በሐር ክር የተንጠለጠለ ሥጋ

ኦገስት 1 ቀን 1825 (እ.ኤ.አ.) እኩለ ቀን ላይ ዊልያም ቦሞንት የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም የተለያዩ ምግቦችን ቆራርጦ በሐር ክር አሰረ። በቅመም የተሠራ የበሬ ሥጋ፣ በጨው የታሸ ጥሬ የአሳማ ጮማ፣ ጥሬና ቅቅል የበሬ ሥጋ፣ የከረመ ዳቦ፣ ጥሬ ጥቅል ጎመን። ምግቡ የገባው ግን በአፍ አልነበረም። ቦሞንት ክሩን አሌክሲ ሳን ማርተን በተባለ ወጣት ግራ ጎን ላይ ባለ ቀዳዳ በኩል በቀጥታ ወደ ጨጓራው ሰደደው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ክሩን ሲስበው ጎመኑና ዳቦው እኩሌታቸው ሟሙቷል፤ ሥጋው ግን እንደገባ አለ። መልሶ ከተተው። ሌላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲስበው ጎመኑም፣ ዳቦውም፣ ጮማውም፣ ቅቅሉም ከክሩ ላይ የሉም።

ቀዳዳውን የከፈተው ጥይት ነበር። ሳን ማርተን ለአውሬ ቆዳ ነጋዴዎች ታንኳ የሚቀዝፍ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ ነው። ጁን 6 ቀን 1822 በማኪናክ ደሴት፣ በቆዳ ነጋዴው ኩባንያ መደብር ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ ከአጠገቡ የነበረ ጠመንጃ ባረቀ። ጥይቱ የጎድን አጥንቱን ሰብሮ፣ ሳንባውን አቁስሎ፣ ጨጓራውን በሳ። የበላው ቁርስ በቁስሉ በኩል ወጣ። ቦሞንት 36 ሰዓት እንኳ ይቆያል ብሎ አልገመተም። ሰውየው ግን ዳነ፤ ቀዳዳው ብቻ ሳይዘጋ ቀረ። የጨጓራው ጠርዝ ከጎኑ ቆዳ ጋር ተጣብቆ ሽሮ፣ በጣት ገፋ ሲያደርጉት የሚከፈት ትንሽ መዝጊያ ሠራ።

ቦሞንት ያየውን ለማየት ከእሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ብዙ ደክመዋል። የዘመናቸው ክርክር እንዲህ ነበር፦ ጨጓራ ምግብን የሚያልመው በጡንቻው አሽቶና አድቅቆ ነው? ወይስ በውስጡ ያለው ፈሳሽ አሟሙቶት? ፈረንሳዊው ሬኦሚር በ1752 ባሳተመው ጥናት ጭልፊትን ተጠቀመ። ይህ ወፍ ማላም ያቃተውን መልሶ ይተፋል። ሬኦሚር ሥጋን ሁለት ጫፉ ክፍት በሆነ የብረት ቱቦ ውስጥ ከትቶ አስዋጠው። የጨጓራው ጡንቻ ብረቱን አልፎ ሥጋውን ሊጨምቀው አይችልም፤ ሆኖም ቱቦው ሲተፋ ሥጋው ተበልቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰፍነግ አስውጦ፣ ሲተፋ ጨምቆ ፈሳሹን ሰበሰበ።

ጣልያናዊው ቄስ ላዛሮ ስፓላንዛኒ በራሱ ሆድ ላይ ሞከረው። ዳቦና ሥጋ በተልባ እግር ጨርቅ ከረጢት ሰፍቶ ዋጠ፤ በማግስቱ ባዶው ከረጢት ወጣ። ከእንስሳት የሰበሰበውን የጨጓራ ፈሳሽ ደግሞ ከሥጋ ጋር በብልቃጥ አድርጎ በብብቱ ይዞ ሰነበተ። ከሁሉም የምወደው ይህን ሙከራ ነው። ስፓላንዛኒ ሙቀት እንደሚያስፈልግ ገብቶታል፤ ሳይቋረጥ የሚሞቅ ምድጃ ደግሞ ከራሱ ገላ የተሻለ አላገኘም። በ1824 እንግሊዛዊው ዊልያም ፕራውት በጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መሆኑን አሳተመ። ሙቀትና አሲድ ከታወቁ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር።

ቦሞንት ኦገስት 7 ቀን 1825 ከሳን ማርተን ጨጓራ ፈሳሽ ቀዳ፤ በቴርሞሜትር ሲለካው 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ፈሳሹን ከአንድ ቁራጭ ቅቅል ሥጋ ጋር በብልቃጥ አድርጎ በዚያው ሙቀት ባለ ውኃ ውስጥ አስቀመጠው፤ ሌላ ቁራጭ በክር አድርጎ ጨጓራው ውስጥ አንጠለጠለ። የጨጓራው በሁለት ሰዓት አለቀ። የብልቃጡ አሥር ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ግን እሱም አለቀ። የሰው ጨጓራ ሥራ ከሰው ውጭ ተሠራ ማለት ነው። ፍጥነቱ የተለያየው ሆድ ውስጥ አዲስ ፈሳሽ እየመነጨ፣ የሟሟው ወደ አንጀት እየተገፋ፣ የቀረው እየተላወሰ ስለሚሄድ ነው። ብልቃጥ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። በሌላ ጊዜ ፈሳሹን በቅዝቃዜ ሲያቆየው ሥራው ቆመ፤ ሲያሞቀው እንደገና ጀመረ። ሳን ማርተን ሲቆጣ ወይም ትኩሳት ሲይዘው የጨጓራው ግድግዳ መልኩ እንደሚለወጥና የምግቡ መፈጨት እንደሚታወክም መዘገበ።

እዚህ ላይ ስለ ሳን ማርተን መናገር ግድ ይለኛል። ለቦሞንት እንጨት ይፈልጥለት፣ ይላላክለት ነበር። በ1832 በተፈራረሙት ውል ለዓመት አገልግሎቱ 150 ዶላር ተቆረጠለት። ከአንዴም ሁለቴ ጥሎት ወደ ካናዳ ሄዷል፤ አልፈርድበትም። በ1833 የወጣው የቦሞንት መጽሐፍ 238 ሙከራዎችን ይዟል፤ ረኃቡንም፣ ሕመሙንም፣ ተጋድሞ መጠበቁንም የተሸከመው ሳን ማርተን ነው። የግኝቱ ባለቤት ተብሎ አብሮ መጠራት ይገባዋል። በ1880 ሲሞት ቤተሰቡ ሐኪሞች አስከሬኑን እንዳይወስዱት እስኪፈርስ አቆይተው፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት።

መጽሐፉ አንድ ጥያቄ ትቶ ነበር። ቦሞንት በፈሳሹ ውስጥ ከአሲዱ ሌላ የሚሠራ ነገር አለ ብሎ ጽፏል፤ ምንነቱን ግን ሊለየው አልቻለም። በዚያው በ1833 ፓሪስ ውስጥ ፓየንና ፐርሶ የተባሉ ኬሚስቶች ከብቅል ጋር እየሠሩ ነበር። ጠላ ጠማቂዎቻችን ገብስ አብቅለው የሚያዘጋጁት ያው ብቅል ነው። የብቅሉን ውኃ አጥልለው አልኮል ሲጨምሩበት ነጭ ነገር ዘቀጠ። እሱ በጣም ጥቂት ሆኖ እጅግ ብዙ ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ከፈላ ግን ኃይሉን ያጣል። ዲያስቴስ አሉት።

በ1836 በርሊን ውስጥ ቴዎዶር ሽቫን የእንስሳት ጨጓራን ሽፋን በአሲድ ዘፍዝፎ ያወጣውን ፈሳሽ በተቀቀለ እንቁላል ነጭ ላይ ሞከረ። ሟሟ። ፈሳሹን አስቀድሞ ሲያፈላው ግን፣ አሲዱ እዚያው እያለ፣ እንቁላሉ አልሟሟም። ስለዚህ አሲዱ ረዳት እንጂ ዋናው ሠራተኛ አይደለም። ዋናውን ፔፕሲን ብሎ ሰየመው። ጥቂቱ ብዙ ያሟሟ ነበር፤ ምክንያቱም እንደ ዲያስቴስና ፔፕሲን ያለ፣ ኢንዛይም የሚባል ነገር በሥራው አያልቅም፤ አንዱን ቆርጦ ለቆ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንድ ኢንዛይም ለምን አንዱን ነገር እንጂ ሌላውን እንደማይነካ ለማስረዳት ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ፊሸር በ1894 ኢንዛይምንና የሚሠራበትን ነገር በጓጉንቸርና በቁልፉ መሰለ፤ ቅርጻቸው ካልገጠመ ሥራ የለም።

አሲዱ ምን ያህል ይሁን? ለዚህ ምቹ መለኪያ አልነበረም። በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ኢንዛይሞችን ያጠና የነበረው ሶረንሰን በ1909 ፒኤች የሚባለውን የአሲድነት ልኬት ያወጣው በዚህ ችግር ምክንያት ነው። ፔፕሲን በ2 አካባቢ ይበረታል። ምግቡ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ የቆሽት ፈሳሽ አሲዱን ያበርደዋል፤ ያኔ ፔፕሲን ሥራ ያቆምና 8 አካባቢ የሚስማማው ሌላ ኢንዛይም፣ ትሪፕሲን፣ ይረከበዋል።

ኢንዛይም ራሱ ከምን የተሠራ ነው? ጀርመናዊው የኖቤል ተሸላሚ ቪልሽቴተር ፕሮቲን አይደለም ብሎ ስላስተማረ፣ ጄምስ ሰምነር በ1926 ዩሬዝ የተባለውን ኢንዛይም ጃክ ቢን ከተባለ ባቄላ መሰል ዘር በክሪስታል መልክ አውጥቶ ፕሮቲን ነው ሲል ብዙዎች አላመኑትም። በ1930 ጆን ኖርትሮፕ ፔፕሲንን በክሪስታል አወጣ፤ እሱም ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። በ1946 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ሽቫን ያፈላው ፈሳሽ ለምን እንደሞተ ያኔ ግልጽ ሆነ፦ ብርቱ ሙቀት የፕሮቲኑን እጥፋት ይፈታዋል፤ ቅርጹ ሲጠፋ ሥራውም ይጠፋል።

ፕሮቲን የሚቆርጠው ፔፕሲን ራሱ ፕሮቲን ከሆነ፣ ያመነጩትን ሕዋሳት ለምን አይበላቸውም? የኖርትሮፕ ባልደረባ ሮጀር ሄሪየት በ1938 ከአሳማ ጨጓራ ፔፕሲኖጅንን በክሪስታል ለይቶ አወጣ። ሕዋሳቱ የሚያመነጩት ይህን ነው። ጫፉ ላይ 44 አሚኖ አሲዶች ያሉት ቁራጭ የሚቆርጥበትን ቦታ ሸፍኖ ይይዘዋል። ከጨጓራው አሲድ ጋር ሲገናኝ ሽፋኑ ይላቀቅና ይቆረጣል፤ ፔፕሲኑም ሥራ ይጀምራል። የጨጓራውን ግድግዳ ደግሞ በላዩ የተለበጠው ወፍራም ንፍጥ ይጠብቀዋል።